ኒቆዲሞስ፦ የአንዲት ማዘጋጃ ቤት የሌላት መንደር ታሪክና የስያሜ ጥያቄ

የሰው ልጅ ተሰባስቦ የሚኖርባቸውን ቦታዎች የሚለዩ ቃላት በአማርኛ ጥቂት አይደሉም። ጎጥ፣ መንደር፣ ሰፈር፣ አጥቢያ፣ ቀበሌ፣ ከተማ የሚሉት ስሞች እንደየአገሩ ልማድ አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ይነገራሉ። ሆኖም እያንዳንዱ የየራሱ መነሻ አለው። አጥቢያ ከቤተ ክርስቲያን፣ ቀበሌ ከአስተዳደር፣ ከተማ ደግሞ በጥንቱ አነጋገር ከንጉሥ ወይም ከጦር አለቃ ማረፊያ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የመኖሪያ ቦታ ስም የቤቱን ብዛትና የመሬቱን ስፋት ብቻ የሚያመለክት ሳይሆን፣ ነዋሪዎቹ በማን ሥር እንደሚተዳደሩና በምን እንደተሳሰሩ ጭምር የሚናገር ነው።

ከዚህም የተነሣ የሌላ አገር የአስተዳደር ቃል ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ችግር ያጋጥማል። በአሜሪካ የአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ታሪክ ሲጻፍ ከስሟ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ «አንኢንኮርፖሬትድ ኮሚዩኒቲ» የሚል መግለጫ ይከተላል። ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ «ያልተካተተ ማኅበረሰብ» ወይም «ያልተዋሐደ ማኅበረሰብ» ቢል አያስደንቅም። አንባቢው ግን ከምን ሳይካተት፣ ከማንስ ሳይዋሐድ እንደቀረ ይጠይቃል፤ ከትርጉሙም መልስ አያገኝም። ቃሉን ከፍቺው ብቻ ተነሥቶ ከመመርመር ይልቅ፣ ቃሉ በእውን ያረፈበትን የአንድ ቦታ ታሪክ መከተል የተሻለ መንገድ ሆኖ ስላገኘነው በካንሳስ ግዛት የምትገኘውን የኒቆዲሞስን መንደር መርጠናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የቃሉ መነሻና ሕጋዊ ይዘቱ

«ኢንኮርፖሬትድ» የሚለው ቃል የመጣው «ኮርፑስ» ከተሰኘው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም አካል፣ ገላ፣ ሰውነት ማለት ነው። በአሜሪካ አንድ መንደር ወይም ከተማ በግዛቱ ሕግ መሠረት አመልክቶ ሲፈቀድለት፣ በሕግ ፊት እንደ አንድ አካል ይቆጠራል። በራሱ ስም ንብረት ይገዛል፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፤ ይበደራል፤ ግብር ይጥላል፤ ከንቲባውንና የምክር ቤቱን አባሎች ይመርጣል። ይህን ያልጠየቀ ወይም ያልተፈቀደለት መንደር ግን ቤቱ፣ ሱቁ፣ ጸሎት ቤቱና ሕዝቡ ቢኖሩትም በሕግ ዓይን በራሱ የቆመ አካል አይደለም። ነዋሪዎቹ መብታቸው አይጓደልም፤ ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ ግብርም ይከፍላሉ። የአካባቢያቸው ጉዳይ የሚታየው ግን ከመንደሩ በላይ ባለው አስተዳደር ማለትም «ካውንቲ» በሚባለው ነው፤ ይህን ቃል ከዚህ በታች «አውራጃ» እያልን እንጠራዋለን።

የሐሳቡ አመጣጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1945 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 በስም ዘርዝሮ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው ያደረጋቸው ከተሞች ነበሩ፤ ከዚያ ዝርዝር ውጭ የነበረው የአገሪቱ መንደር ሁሉ ማዘጋጃ ቤት አልነበረውም። በሕግ ባለሙያዎቻችንም ዘንድ ለማኅበርና ለድርጅት የሚሰጠው መብት «የሕግ ሰውነት» ይባላል። ይህ አነጋገር ከላቲኑ ቃል ጋር የሚገጥም መሆኑን ልብ ይሏል፤ አማርኛም እንደ ላቲኑ ሕጋዊ ህልውናን በገላ መስሎ ተናግሯልና። ነገር ግን «ሰውነት» በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ገላ ሲሆን ሁለተኛው ሰው መሆን ነው። ይህ ሁለትነት በኒቆዲሞስ ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ወደፊት እንመለከታለን።

2. የመንደሯ አመሠራረት

ኒቆዲሞስ በካንሳስ ሰሜን ምዕራብ፣ በግራሃም አውራጃ፣ በሰሎሞን ወንዝ ደቡባዊ ገባር አጠገብ ትገኛለች። የተቆረቆረችው በ1877 ነው። ያ ዓመት በአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ውስጥ ከባድ ዓመት ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ካበቃና በዚያው ዓመት በሕገ መንግሥቱ በ13ኛው ማሻሻያ ባርነት ከተሻረ በኋላ፣ በደቡብ ግዛቶች የሰፈረው የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ነጻ የወጡትን ሰዎች በመጠኑም ቢሆን ይጠብቃቸው ነበር። በ1877 ይህ ጥበቃ ተነሣ። መሬት የሌለው፣ በእኩል አራሽነት ዕዳ የተያዘው፣ በምርጫ ቀን በጠመንጃ የሚባረረው ገበሬ ሌላ አገር ማማተር ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ካንሳስ ሁለት ነገሮች ነበሯት። አንደኛው ስሟ ነው፤ በ1861 ባርነት የተከለከለባት ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ የገባችው ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ስለ ነበር፣ በጥቁሮች ዘንድ የነጻነት ምድር ተብላ ትጠራ ነበር። ሁለተኛው መሬቷ ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ አዋጅ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር መሬት በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ይህም 65 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በእኛ የቀድሞ ልኬት ጋሻውን በ40 ሄክታር ብናሰላው ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ነው። አንዲት ጥማድ የራሱ ላልነበረው ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም አይጠፋም።

በሚያዝያ ወር 1877 የኒቆዲሞስ ከተማ ኩባንያ ተቋቋመ። መሥራቾቹ ሰባት ነበሩ፤ ስድስቱ ጥቁሮች፣ አንዱ ነጭ። ነጩ ደብልዩ አር ሂል የተባለ የመሬት ነጋዴ ሲሆን፣ ከጥቁሮቹ መካከል ደብልዩ ኤች ስሚዝና ቄስ ሳይመን ራውንድትሪ ይገኙባቸዋል። ኩባንያው በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተንና በጆርጅታውን አካባቢ ለሚኖሩ ጥቁሮች ጥሪ አስተላለፈ። መስከረም 5 ቀን 1877 ወደ ካንሳስ ለመሄድ የሚፈልግ ሁሉ በአምስት ዶላር መሄድ እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወቂያ ታትሞ ተሠራጨ። በዚያው ወር ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች በባቡር ኤሊስ እስከ ተባለችው ጣቢያ ተጓዙ፤ ከዚያም ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የቃል ጥያቄ ይነሣል። «ሆምስቴድ» የሚለውን በአማርኛ ምን እንበለው? «ርስት» እንዳይባል፣ ርስት ከአባት ከእናት የሚወረድ ነው። «ጉልት» ወይም «ማደሪያ» እንዳይባልም በአገልግሎት የሚሰጥና ከአገልግሎቱ ጋር የሚቀር ነው። የአዋጁ መሠረታዊ ሐሳብ መሬቱን ያለማው ሰው ባለቤቱ ይሆናል የሚል ነው። ለዚህ የሚቀርበው የአማርኛ ግሥ «አቀና» ነው። አገር አቀና፣ መሬት አቀና ሲባል ያልታረሰውን አርሶ፣ ያልተያዘውን ይዞ ለኑሮ ማዋል ነው። ስለዚህ «የማቅኛ ይዞታ» ቢባል ሐሳቡን ያደርሳል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለሥልጣኖቹና ነጋዴዎቹ መሬቱን «ጠፍ» እንደ ሆነ አድርገው ያቀርቡት ነበር። ጠፍ ግን አልነበረም። እንደ ፖኒና ሻየን ያሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ጎሽ ሲያድኑበት የኖሩበት ሜዳ ነበር፤ የካንሳስ ስም እንኳ የመጣው ካንሳ ከተባለው ነባር ሕዝብ ነው። ነጻነት የተነፈገው ሕዝብ መሬት ያገኘው ሌላው ሕዝብ መሬቱን ከተነጠቀ በኋላ መሆኑን የሚሸፍን ቃል መምረጥ የለብንም። «የማቅኛ ይዞታ» የሚለው ሰፋሪው የሠራውን ሥራ እንጂ መሬቱ ቀድሞ ባለቤት አልነበረውም የሚል ነገር አይናገርም።

3. ስለ መንደሯ ስም

ኒቆዲሞስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የሚገኘው፣ በሌሊት መጥቶ ስለ ዳግም ልደት የጠየቀው ፈሪሳዊ ስም ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን «ኒኬ» ድል፣ «ዴሞስ» ሕዝብ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገነባ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በዚህ ስም ስለሚጠራ ለአማርኛ አንባቢ የቆየ ስም ነው። ዳግም ልደት የሚለውም ሐሳብ ከባርነት ለወጡ ሰዎች መንደር የተስማማ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የስሙ ቀጥተኛ ምንጭ ወንጌሉ ላይሆን ይችላል። በጥቁሮቹ ዘንድ በአፍሪካ ተወልዶ በባርነት ወደ አሜሪካ ስለ ተወሰደና በኋላም ነጻነቱን በገንዘቡ ስለ ገዛ ኒቆዲሞስ ስለሚባል ሰው የሚነገር አፈ ታሪክ ነበር። ሄንሪ ክሌይ ወርክ የተባለው የዘፈን ደራሲም በ1864 ኒቆዲሞስ የተባለን አፍሪካ የተወለደ ባሪያ የሚያነሣ ዘፈን አሳትሞ ነበር። ኩባንያው በ1877 ሰፋሪ ለመጥራት ባወጣው ማስታወቂያ ላይ የዚህ ዘፈን መልክ ተለውጦ ታትሟል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች መንደሯ የተሰየመችው በፈሪሳዊው ሳይሆን በአፈ ታሪኩ ባሪያ ነው ይላሉ። የቦታ ስም ሥር ሲመረመር የቃሉን ምንጭና የስያሜውን ምክንያት ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቃሉ ምንጭ ግሪክ ነው፤ የስያሜው ምክንያት ግን የኬንታኪ ገበሬዎች ትዝታ ነው።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ማለት ይገባል። የአሜሪካኖቹ አነጋገር ወደ «ኒኮዲመስ» የቀረበ ነው። ነገር ግን ከግሪክ በግእዝ በኩል የገቡት ስሞች የግሪኩን «ካፓ» በ«ቀ» ረድፍ እንደሚጽፉ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ቂርቆስ ምስክሮች ናቸው። በአዲሱ ዘመን በእንግሊዝኛ በኩል የገቡት ደግሞ እንደ ካንሳስና ኬንታኪ በ«ከ» ረድፍ ይጻፋሉ። በሁለቱ መካከል ሲመረጥ፣ ስሙ በአማርኛ አስቀድሞ የተደላደለ ከሆነ የቆየውን መያዝ ይሻላል እንላለን። መንደሯ የተሰየመችበት ሰው ፈሪሳዊው ባይሆንም ስሙ ያው ስም ነውና፣ «ኒቆዲሞስ» ብለን ጽፈነዋል።

4. የጉድጓድ ቤቶቹ ዘመን

ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ ቤት፣ ዛፍ፣ ድንጋይ አላገኙም። ሜዳው ሣር ብቻ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ያነበቡትና በዓይናቸው ያዩት ስላልተገናኙ ከፊሎቹ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ። የቀሩት በወንዙ ዳርና በጉብታው ጎን መሬቱን እየቆፈሩ፣ በላዩ እንጨትና የሣር አፈር እየረበረቡ ክረምቱን ለማሳለፍ ተዘጋጁ። በ1878 ጸደይ ከባሏ ከቄስ ዳንኤል ሂክማን ጋር የደረሰችው ዊሊያና ሂክማን በኋላ ዘመን ስታስታውስ፣ መንደሩ የታለ ብላ በጠየቀች ጊዜ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ እንዳሳዩአትና ማልቀስ እንደ ጀመረች ተናግራለች። የመጀመሪያው ክረምት ስንቅ ባለቀ ጊዜ ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕዝብ ተወላጆች ካደኑት እንዳካፈሏቸው በመንደሯ ሰዎች ዘንድ ይተረካል።

«ደግአውት» ለተባለው ለዚህ ዓይነቱ ቤት የአማርኛ አቻ ሲፈለግ ጥቂት ቃላት ይመጣሉ። «ዋሻ» ተፈጥሮ ያበጀችው ወይም ከዓለት የተፈለፈለ ነው። «ጎሬ» የአውሬ ነው፤ ለሰው ቤት ቢነገር ስድብ ይሆናል። «ምድር ቤት» ከፎቅ በታች ላለው ክፍል ተይዟል። ሰው ቆፍሮ የሚያበጀው፣ እህልም የሚያኖርበት በአማርኛ «ጉድጓድ» ስለሚባል «የጉድጓድ ቤት» የሚለው ያለ ብዙ ማብራሪያ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በእነዚህ የጉድጓድ ቤቶች ውስጥ ነበር የመንደሯ ሕይወት የተጀመረው። ዘካሪ ፍሌቸር ፖስታ ቤቱን ከፈተ፤ ሚስቱ ጄኒ ፍሌቸር ለልጆች ማስተማር ጀመረች። የባፕቲስትና የሜቶዲስት ጸሎት ቤቶች በየፊናቸው ተተከሉ። የእርሻ ከብትና ማረሻ የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ መሬቱን በዶማና በአካፋ ሰበሩት፤ ወንዶቹም በባቡር ሐዲድ ሥራ ሊቀጠሩ ወደ ሩቅ ሄዱ። በ1880 በመንደሯና በዙሪያዋ 258 ጥቁሮችና 58 ነጮች ይኖሩ ነበር።

ኒቆዲሞስ ከተቆረቆረች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና ወደ ካንሳስ ጎረፉ። እነዚህ ስደተኞች ከኦሪት ዘፀአት ስም በተበጀ ቃል «ኤክሶደስተርስ» ተባሉ። ለዚህ አማርኛ ከምንጩ የቀረበ ቃል አለው፤ ግእዙ «ወፅአ» ወጣ፣ «ፀአት» መውጣት ካለን «ፀአታውያን» ብንላቸው የእንግሊዝኛው ቃል ያለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥላ ሳናጠፋ እንናገራለን። የኒቆዲሞስ ሰዎች ግን ከዚህ ጎርፍ ቀድመው፣ በማኅበር ተደራጅተው የመጡ ስለሆኑ ከፀአታውያን ጋር መደባለቃቸው ልክ አይደለም።

5. ሐዲዱና ቦንዱ

በ1880ዎቹ ዓመታት አጋማሽ መንደሯ አበበች። የጉድጓድ ቤቶቹ በሣር አፈርና በኖራ ድንጋይ ቤቶች ተተኩ። ሱቆች፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ የቤዝቦል ቡድን ነበሯት። በ1886 «ዌስተርን ሳይክሎን»፣ በ1887 «ኒቆዲሞስ ኢንተርፕራይዝ» የተባሉ ጋዜጦች ወጡባት። በ1878 ወደ አካባቢው የመጣው ኤድዋርድ ማኬብ በ1881 የአውራጃው ዋና ጸሐፊ፣ በ1882 ደግሞ የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ከደቡብ ግዛቶች ውጭ ጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ግዛታዊ ሥልጣን በምርጫ ሲይዝ ያልተለመደ ነገር ነበር። ይኸው ማኬብ በኋላ ወደ ኦክላሆማ ሄዶ በ1890 ላንግስተን የተባለችውን የጥቁሮች ከተማ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

በዚያ ሜዳ የአንድ መንደር ዕጣ የሚወሰነው በባቡር ሐዲድ ነበር። እህል የሚወጣው፣ ሸቀጥ የሚገባው በሐዲድ ነውና። በ1887 የሚዙሪ ፓሲፊክ ኩባንያ ሐዲዱን በኒቆዲሞስ በኩል እንዲያሳልፍ ለማባበል የኒቆዲሞስ ታውንሺፕ መራጮች የ16,000 ዶላር ቦንድ እንዲወጣ በድምፅ ወሰኑ። በቃል ጉዳይ ላይ ላለ ሰው ይህ ድርጊት ትልቅ ትምህርት አለው። የተበደረችው መንደሯ አልነበረችም። ቦንድ ለማውጣት የሕግ ሰውነት ያስፈልጋል፤ ያ ያለው ታውንሺፑ ነበር።

«ታውንሺፕ» ምንድን ነው? በ1785 በወጣው የመሬት ድንጋጌ መሠረት የአሜሪካ ምዕራባዊ መሬት ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ አራት ማዕዘኖች ተሸነሸነ። እያንዳንዱ ማዕዘን ታውንሺፕ ተባለ፤ በውስጡም 640 ኤከር የሆኑ 36 ክፍሎች አሉት። የአንዱ ክፍል ሩብ ለአንድ ሰፋሪ የሚሰጠው 160 ኤከር ነው። ይህ የመሬት ቀያሾች ልኬት ነበር፤ በካንሳስ ግን በዚያው ስም የሚጠራ፣ መንገድ የሚያሠራና ግብር የሚሰበስብ አነስተኛ የአስተዳደር አካልም ተቋቋመ። ስለዚህ አንዱ ቃል የቅየሳም የአስተዳደርም ስም ነው። መንደሯ ኒቆዲሞስ፣ ታውንሺፑም ኒቆዲሞስ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ይህን ያልለየ ተርጓሚ ገበሬዎቹ በስፋት የሚኖሩበትን ክልል ከመንደሯ ጋር ያደባልቃል፤ የሕዝብ ቁጥሩንም ያሳስታል።

ሐዲዱ አልመጣም። በ1888 የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ ሐዲዱን ከወንዙ በስተደቡብ አሳለፈ፤ በዚያም ቦግ የተባለች ከተማ በቀለች። ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውን እንዳለ እየጎተቱ ወንዙን ተሻገሩ። ጋዜጦቹ ተቋረጡ። ይህ የሆነው ኒቆዲሞስ ማዘጋጃ ቤት ስላልነበራት ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት ኖሯቸው ሐዲድ ስለ ራቃቸው ብቻ የጠፉ ከተሞች በዚያው ሜዳ ብዙ ናቸው። የግራሃም አውራጃ ዋና ከተማ ዛሬ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ በነበረው በነጩ ነጋዴ ስም ሂል ሲቲ ትባላለች፤ የቀሩት ስድስቱ የመሠረቷት መንደር ግን በገበሬዎቿ እጅ ቀረች።

6. ከሐዲዱ በኋላ

ነጋዴው ቢሄድም ገበሬው ቀረ፤ ስንዴ ዘራ፤ ልጆች አሳደገ። በ1907 የባፕቲስቶቹ የድንጋይ ጸሎት ቤት፣ በ1918 አዲስ ትምህርት ቤት ተሠራ። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ድርቁና የአቧራው ማዕበል ከኢኮኖሚው ውድቀት ጋር ተደርቦ መጣ፤ ብዙዎች መሬታቸውን ሸጠው ወደ ዴንቨር፣ ወደ ቶፒካና ወደ ካሊፎርኒያ ከተሞች ፈለሱ። በዚያው የችግር ዘመን፣ በ1939፣ በመንግሥት የሥራ ማስገኛ ፕሮግራም አማካይነት በኖራ ድንጋይ የታውንሺፕ አዳራሽ ተሠራ። አዳራሹ የመንደሯ ሳይሆን የታውንሺፑ መሆኑ ከላይ ያልነውን ያስታውሳል። በ1950 በመንደሯ የቀሩት ነዋሪዎች 16 ብቻ ነበሩ፤ በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። በገጠር አሜሪካ ፖስታ ቤት መዘጋት ስም ከመዝገብ እንደ መፋቅ ይቆጠራል።

ስሙ ግን አልተፋቀም። ከ1878 ጀምሮ የኒቆዲሞስ ሰዎች በየዓመቱ የነጻነት በዓል ያከብራሉ። በዓሉ የታሰበው በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ባሪያዎች በነሐሴ 1 ቀን 1834 ነጻ የወጡበትን ቀን ለማስታወስ ነበር። ዛሬ በሐምሌ ወር መጨረሻ የሚከበር ሲሆን የተወላጆች መመለሻ በዓል ይባላል፤ ከየከተማው የተበተኑት ልጆችና የልጅ ልጆች በብዙ መቶ እየሆኑ ይሰበሰቡበታል። በ1976 መንደሯ የብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ማዕረግ ተሰጣት፤ በ1996 ደግሞ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆና በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ገባች። የሚጠበቁት ሕንፃዎች አምስት ናቸው፤ የታውንሺፑ አዳራሽ፣ ሁለቱ ጸሎት ቤቶች፣ የቀድሞው የፍሌቸር ሆቴልና ትምህርት ቤቱ።

ስለ ቆጠራም ማለት የሚገባ አለ። በ1860 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የኬንታኪ ባሪያዎች በልዩ መዝገብ ተቆጥረዋል። በመዝገቡ ላይ የጌታው ስም ይጻፋል፤ የባሪያው ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ይመዘገባል፤ ስሙ ግን አይጻፍም። ኒቆዲሞስን ከመሠረቱት ብዙዎቹ በዚያ መዝገብ ስም አልባ ሆነው የሰፈሩ ነበሩ። የቆጠራው መሥሪያ ቤት ከ1980 ወዲህ ማዘጋጃ ቤት የሌላቸውን፣ ነገር ግን በስም የሚታወቁ መንደሮችን «ለቆጠራ የተለየ ስፍራ» በሚል መደብ ይመዘግባል። ኒቆዲሞስ በ2020 ቆጠራ በዚሁ መደብ ከነሙሉ ስሟ ገብታ 14 ነዋሪዎች ተቆጥረውባታል።

7. ማጠቃለያና የስያሜ ሐሳብ

ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ። «ያልተካተተ» እና «ያልተዋሐደ» የሚሉት ሐሳቡን ስለማያደርሱ መተው አለባቸው። «ያልተደራጀ» የሚለውም አይሆንም፤ ኒቆዲሞስን ከማንኛውም ነገር በላይ ያቆያት ድርጅቷ ነውና። ማኅበር ነበራት፣ ጸሎት ቤት ነበራት፣ ትምህርት ቤት ነበራት፣ በዓሏም አልተቋረጠም።

ለሕጉ የሚቀርበው «የሕግ ሰውነት የሌለው መንደር» የሚለው ነው። በሕግ መጻሕፍት ውስጥ፣ ነገሩ በሚብራራበት ቦታ ቢገባ አንቃወምም። ለጠቅላላ አንባቢ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ግን ቀደም ብለን ያነሣነው የቃሉ ሁለትነት ይገጥመናል። የኒቆዲሞስ መሥራቾች እስከ 1865 ድረስ በሕግ እንደ ከብትና እንደ ዕቃ የሚሸጡ፣ የሚወረሱና በዕዳ የሚያዙ ነበሩ፤ ሰውነታቸውን ሕግ የነሣቸው ሰዎች ናቸው። እነዚያው ሰዎች የሠሩትን መንደር «ሰውነት የሌለው» ብሎ መጥራት፣ ጸሐፊው ባያስበው እንኳ፣ ያንኑ ክህደት ደግሞ እንደ መናገር ይሆናል። የስያሜ ሥራ የፍቺ ትክክለኛነትን ብቻ የሚፈልግ አይደለም፤ ቃሉ የሚያርፍበትን ሰውም ማየት ይጠይቃል።

በዚህ ምክንያት የጎደለውን ነገር በግልጽ ስሙ የሚጠራውን መርጠናል። የጎደለው ማዘጋጃ ቤት ነው። «ማዘጋጃ ቤት የሌለው መንደር» ሲባል ኢትዮጵያዊው አንባቢ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ወዲያው ይረዳል፤ መንደርነቱም አይነካበትም። ከዚህ በላይ የተነሡትን ቃላት በአንድ ላይ እንደሚከተለው እናቀርባለን፦

ማዘጋጃ ቤት የሌለው መንደር፦ የራሱ ስም፣ ነዋሪና ማኅበራዊ ኑሮ ያለው፣ ነገር ግን በራሱ ስም የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን ያልተሰጠውና ከበላዩ ባለው አስተዳደር የሚተዳደር መኖሪያ።

የማቅኛ ይዞታ፦ ለተወሰነ ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው በባለቤትነት የሚሰጥ የመንግሥት መሬት።

የጉድጓድ ቤት፦ በጉብታ ጎን ወይም በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በእንጨትና በሣር አፈር የሚከደን መኖሪያ።

ፀአታውያን፦ በ1879 ከአሜሪካ ደቡብ ወደ ካንሳስ የተሰደዱ ጥቁሮች።

ታውንሺፕ፦ (1) ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ የመሬት ቅየሳ ክፍል፤ (2) በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከአውራጃ በታች ያለ የገጠር አስተዳደር አካል። ሁለቱን ትርጉሞች በአንድነት የሚይዝ የአማርኛ ቃል ስላልተገኘ በውሰት እንዲቆይ።

ለቆጠራ የተለየ ስፍራ፦ ማዘጋጃ ቤት የሌለው፣ ለሕዝብ ቆጠራ ሥራ ብቻ ወሰን የተበጀለት መንደር።

ከእነዚህ መካከል «የማቅኛ ይዞታ» እና «የጉድጓድ ቤት» የሚሉት ከአሜሪካ ታሪክ ውጭም ሊያገለግሉ የሚችሉ ስለሆኑ፣ በየክፍለ ሀገሩ ለእነዚህ ነገሮች የሚነገር ሌላ ነባር ቃል የሚያውቁ አንባቢያን ቢጠቁሙ የስያሜው ሥራ ይበልጥ ይቃናል።